ሄዶ የተመለሰ ምን ይጠየቃል?

አራዳ ከሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ቀድሞ ፈረንጅ የለመደ ሰፈር ነው። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የተከፈተው፣ የአቢሲኒያ ባንክ ሕንፃውን ያቆመው፣ አርመኑ፣ ግሪኩና ህንዱ ሱቃቸውን ጎን ለጎን የከፈቱት እዚሁ ነው። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ወዳለው ገበያ ቅቤና ማር ጭኖ የመጣ ባላገር፣ ሸጦ ሲመለስ የአውሮፓ ሰዓትና ፋኖስ በሱቅ መስኮት ተደርድሮ ያይ ነበር። ኋላ ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ሲያዛውረው ሰፈሩ ፒያሳ የሚለውን ስም ይዞ ቀረ፤ ሲኒማው፣ ኬክ ቤቱና ማኪያቶውም አብረው ቀሩ። የዚህ ሰፈር ልጅ የአውሮፓን ዕቃ ለማየት ባሕር መሻገር አላስፈለገውም።

ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዕቃው እዚህ ድረስ ከመጣ፣ ባለሙያውም በደመወዝ ተቀጥሮ ከመጣ፣ ዛሬ ደግሞ መጽሐፉና ሌክቸሩ በስልክ ከገባ፣ አንድ ወጣት ከአራዳ ተነስቶ ለንደን ወይም በርሊን ድረስ የሚሄደው ምን ፍለጋ ነው? «ዲግሪ» ቢባል ሐሰት አይደለም። ግን ዲግሪ ተቀብሎ፣ በፍሬም አሰርቶ፣ ሳሎን ሰቅሎ፣ የተማረው ነገር አንድ ቀን እንኳ ሳይፈለግ ጡረታ የወጣ ሰው ሞልቷል። እኔ እንደሚመስለኝ የውጭ ትምህርት ትርጉሙ በተማሩበት አገር አይቋጭም። የሚቋጨው ሲመለሱ፣ የተቀበለው ሰው በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ደህና ጠያቂ ያገኘ ትምህርት ሥራ ይወጣዋል፤ ጠያቂ ያጣ ትዝታ ሆኖ ይቀራል።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ሲወርዱ ይዘዋቸው ከወረዱት ሰዎች መካከል ሁለት ሕፃናት ነበሩ። አንደኛው የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ራግቢ በተባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ገባ፤ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም ተላከ፤ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ሁለተኛው ከጦርነቱ ግርግር መሀል ብቻውን የተገኘ የጎንደር ልጅ ነበር። የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ህንድ ወስደው ቻርልስ ማርቲን በሚል ስም አሳደጉት፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ፣ ስኮትላንድ ተሻግሮ እውቀቱን አዳበረ። በርማ ውስጥ በሥራ ላይ ሳለ የአድዋን ድል ሰምቶ አገሩን ፍለጋ መጣ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እኒህ ናቸው። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት አስተዳዳሪ ሆኑ፤ በኋላም ኢትዮጵያን ወክለው ለንደን ተቀመጡ። ሁለቱም ልጆች የተማሩት በማረኳቸው ሰዎች ቋንቋ ነው፤ መምህር አላነሳቸውም። ልዩነታቸው ሌላ ቦታ ነው። ዓለማየሁ ለመመለስ አልታደለም፤ የተማረውም የሚውልበት ቦታ ሳያገኝ አብሮት ተቀበረ። ወርቅነህ ሲመለሱ ግን በሽተኛ ጠበቃቸው፣ ተማሪ ጠበቃቸው፣ መንግሥትም «ይህን ሥሩልን» አላቸው።

መመለስ ብቻውን ግን አይበቃም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከአድዋ ጦርነት ማግስት ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ መኮንንነት ተማሩ። አገራቸው ገብተው አዲስ አበባን ሲያዩ የጎደለው መድፍ ብቻ እንዳልሆነ ተረዱ። በተራስ ሆቴል ሰው ለመዝናናት ሲሰበሰብ ተመልክተው ቴአትር ቢያይ ይሻላል ብለው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተሰኘውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ጻፉ። አውሬዎቹ እየተናገሩ የሰዎቹን አስተዳደር ሲተቹ መኳንንቱ ነገሩ ገባቸው፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትሩ ታገደ። ያው ሰው ከዓመታት በኋላ ሲፈለጉ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅም ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተከራከሩ። አንድ ራስ፣ አንድ ትምህርት ነው። በአንደኛው ጊዜ «ዝም በል» ተባለ፣ በሌላው ጊዜ «ተናገርልን» ተባለ። በመካከሉ የተለወጠው የጠያቂው ፍላጎት ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ በሕይወት ሳሉ በቂ ጠያቂ ያላገኙ ሰው ናቸው። ከትግራይ ተነስተው፣ ከምጽዋ በመርከብ ወጥተው፣ በጀርመንኛ ተናጋሪዎች አገር ተማሩ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው በወጣትነታቸው ከሞቱ ከዓመታት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። የአገሪቱን ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ መግዛት ለምን እንደሚያደኸይ፣ ጉምሩኩና ግብሩ ሥርዓት ሲያጣ ማን እንደሚጎዳ የጻፉትን የዛሬ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሲያነበው ትናንት የተጻፈ ይመስለዋል። በርሊንና ቪየና ስለነበራቸው ኑሮ የምናውቀው ጥቂት ነው፤ እሳቸውም የጻፉት ስለዚያ አይደለም። የሄዱበትን አገር ለአገራቸው መመዘኛ አደረጉት እንጂ መተረቻ አላደረጉትም።

የአማርኛ ልብ ወለድም ይህን ጉዳይ ገና ከጠዋቱ ያዘው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ውስጥ አወቀ የሚባል የሸዋ ልጅ ፓሪስ ተምሮ ይመለሳል። ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ«አርአያ» ያቀረቡት ባለታሪክም ፈረንሳይ አገር ግብርና ተምሮ ይመጣል። በሁለቱም መጻሕፍት የታሪኩ ክብደት የወደቀው በመመለሱ ላይ ነው። አወቀ አባቱ ሲሞቱ የሚደገሰውን ተዝካር፣ ዘመድ የሚመርጥለትን ጋብቻ ይጋፈጣል። አርአያ አገሩን ሊያለማ መጥቶ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል፤ ኋላም ከጠላት ጋር ጦር ሜዳ ይገናኛል። ደራሲዎቹ ራሳቸው አውሮፓን ያዩ ሰዎች ስለነበሩ ስለ ባቡሩና ስለ መብራቱ ብዙ ሊያወሩን ይችሉ ነበር። አንባቢያቸው ማወቅ የሚሻው ግን ሌላ መሆኑን ያውቁ ነበር፦ ይህ ልጅ ተመልሶ ከእናቱ ጋር፣ ከቄሱ ጋር፣ ከሹሙ ጋር እንዴት ሊኖር ነው?

ከዚያ ትውልድ ብዙዎቹ መልሱን ኖረው ለማሳየት ዕድሜ አላገኙም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣሊያኖች የተማረውን ወጣት እየለዩ ገደሉ። እንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት የሐኪም ወርቅነህ ልጆች፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ ከተገደሉት መካከል ናቸው። ከሞት የተረፉትም ከእስር አላመለጡም። ስዊዘርላንድ ተምረው የመጡት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ላይ ታስረው ቆዩ። ነፃነት ሲመለስ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ ሕዝብ መርጦ ምክር ቤት ያስገባቸው የመጀመሪያዋ ሴትም እሳቸው ሆኑ። ወራሪው የተማረን ሰው ለምን እንደሚፈራ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የተማረው ሰው ሁለቱንም ወገን ያየ ስለሆነ፣ «ሥልጣኔ ላመጣላችሁ መጣሁ» የሚለው ቃል አያታልለውም።

ከነፃነት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተማሪዎችን ሲሸኙ ስለሰጡት ምክር የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ደጋግመው ይናገሩ ነበር። ፍሬ ነገሩ፦ ስትመለሱ የአውሮፓን ሕንፃ ርዝመትና የመንገዱን ስፋት አታውሩን፤ አገር መልሶ የሚገነባ ሙያና አስተሳሰብ ይዛችሁ ኑ፤ የሚል ነው። አፈወርቅ በ1947 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ የሄዱት የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ተሰጥኦዋቸው ታወቀና ወደ ሥዕል ዞሩ፤ ለንደን ስሌድ በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በአውሮፓ አገሮች እየዞሩም የባለ ቀለም መስታወት ጥበብን አጠኑ። ያንን ጥበብ በአፍሪካ አዳራሽ ትላልቅ መስኮቶች ላይ እናየዋለን። አራዳ ጊዮርጊስ ውስጥም ሥራቸው አለ። ተልከው የሄዱበትን ሙያ አልተማሩም፤ የተጠየቁትን ጥያቄ ግን መልሰዋል። የጃንሆይ ምክር ውስጥ ተደብቆ ያለው ነገር ይኸው ነው። ጥያቄው «ምን አየህ?» ከሆነ ተማሪው ተራኪ ሆኖ ይመለሳል፤ «ምን ልትሠራ ነው?» ከሆነ ገና አውሮፕላን ሳይሳፈር ዓይኑ ሌላ ነገር መፈለግ ይጀምራል።

የዛሬው ተማሪ ሽኝት ቤተ መንግሥት ውስጥ አይደለም። ከመሄዱ በፊት የሚጠይቁት ብዙ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕት፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትና «ለምን መማር ፈለግህ» የሚል ደብዳቤ ይጠይቃል። ሰነዱ ከቢሮ ቢሮ ማኅተም ሲያሳድድ ይከርማል። በራሱ ወጪ ጀርመን ሊማር የሚሄድ ከሆነ ለዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ይታዘዛል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ብር በእጅጉ ያልፋል፤ ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ዓይኑን የሚጥለው እንደ ጀርመኑ ዳድና እንደ አውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ባሉ ሙሉ ስኮላርሺፖች ላይ ነው። ቪዛ ላይ ሲደርስ ደግሞ የጥርጣሬው ጥያቄ ይመጣል፦ «እንደምትመለስ በምን እናምናለን?» የባንክ ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ የሥራ ደብዳቤ ለመልሱ ይቀርባሉ። አንድ ሰው አገሩን ለመውደዱ ማስረጃ በሦስት ኮፒ አያይዞ የሚያቀርብበት ዘመን ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ሽኝት ሌላ ነው። ማታ ሻንጣው አልጋ ላይ ተከፍቷል። በርበሬው በፌስታል፣ ፌስታሉ በፌስታል ተጠቅልሎ በፕላስተር ታሽጓል፤ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ዳቦ ቆሎው ተሰልፏል። የተፈቀደው ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። ጎረቤት የተዋሱት የእጅ ሚዛን 25 ሲል ልጁ ሽሮውን ሊያወጣ እጁን ይሰዳል፤ እናት ቀድማ ወፍራሙን መጽሐፍ ታወጣለች። «እሱማ እዚያ ሞልቷል» ትላለች። ልክ ናት። መጽሐፉ እዚያ ሞልቷል፤ የማይገኘው በሻንጣው ውስጥ ቀርቷል።

ከዚያ ጉዞው ይመጣል። የኢራስመስ ሙንዱስ ተማሪ ከሆነ የሚማረው ቢያንስ በሁለት አገር ነው፤ አንዱን መንፈቅ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ። የመኖሪያ ፈቃዱን ከያዘ በኋላ በርካሽ አውቶቡስ ሌሊቱን ተጉዞ ማለዳ ሌላ አገር ይነቃል። ድንበር መሻገሩን የሚነግረው የስልኩ መልእክት ነው። አገር ቤት ከክልል ክልል ሲያልፍ ኬላ ላይ ወርዶ መታወቂያ ያሳየ ልጅ፣ ይህን ሲያይ ከመስኮቱ ውጭ ያለው እርሻ ሳይሆን የሌለው ኬላ ያስገርመዋል። ጦርነት ሁለት ጊዜ ያወደመው አህጉር ድንበሩን እንዲህ ማሳነሱ እንዴት ተቻለ ብሎ ከጠየቀ፣ በዚያ ሌሊት የተማረው ነገር ከአንድ ኮርስ ይበልጣል። ብዙ ሳይቆይ ግን አንዱ አየር ማረፊያ ላይ ወደ ሌላኛው ሰልፍ፣ ፓስፖርት ገጽ በገጽ ወደሚገለጥበት ሰልፍ ይላካል። በሩ ለማን እንደተከፈተ ያኔ ይገባዋል።

ሮም ቢሄድ ደግሞ ታሪክ ራሱ ወጥቶ ይቀበለዋል። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ የሚረግጠው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ተብሎ የተሰየመ ነው። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተመቱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ለፒያሳ ልጅ ይህ የተገለበጠ ነገር ነው፤ እሱ ያደገው የአድዋው ምኒልክ በፈረስ ላይ ሆነው ከቆሙበት አደባባይ አጠገብ ነው። እኛ ለድላችን መታሰቢያ እንዳቆምን እነሱም ለሐዘናቸው አቁመዋል። ሮም ቆሞ የነበረውን የአክሱምን ሐውልት ለማየት ግን አይደክምም፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ ቤቱ ተመልሷል። ይህ ተማሪ ዶጋሊን በትምህርት ቤት አንድ ገጽ አንብቦታል። አሁን የሌላውን ሰው ገጽ አነበበ። አገርን ከውጭ ማየት ማለት፣ ስለ አገርህ የተጻፈው ሁሉ በአንተ ቋንቋ ብቻ እንዳልተጻፈ ማወቅ ነው።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል ተረቱ። ተማሪ ግን ካወቀ በኋላ ሁለት አገር ይናፍቀዋል። እዚያ ሳለ የሰፈሩ ጫጫታ፣ እዚህ ሲመጣ የቤተ መጻሕፍቱ ጸጥታና በሰዓቱ የሚመጣው ባቡር ይናፍቀዋል። ሳይመለሱ የቀሩትን በዚህ ዓይን ማየት ተገቢ ነው። ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ ተምሮ መጣ፣ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፣ ዘመኑ ሲከፋ ተሰድዶ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ቀርቷል ብሎ የሚፈርድበት ማን ነው? አገር ውስጥ ተቀምጦ ምንም ያልተጠየቀ ምሁር አለ፤ ውጭ ተቀምጦ በየሌሊቱ የተማሪዎችን ጽሑፍ በኢሜይል እያረመ የሚልክም አለ። መመዘኛው እግር የቆመበት ቦታ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር።

ጥያቄ ትምህርትን እንዴት ሥራ እንደሚያደርገው በዓይኔ ያየሁት ሠራተኛ ሰፈር ነው። አንዲት ልጅ ኔዘርላንድ ዴልፍት የውሃ ምሕንድስና ተምራ ተመልሳለች። ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል። ብርዱስ? ምግቡስ? ደመወዝ ስንት ነው? ታናሽ እህቴን እንዴት ላስወጣት? ለሁሉም በፈገግታ መለሰች። ዕድሜያቸውን በቧንቧ ሥራ የጨረሱ አንድ ጡረተኛ እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። «ልጄ፣ እዚያ መሬት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሌሊት ቢያፈስ ማን ያውቃል?» አሉ። ልጅቱ ሲኒዋን አስቀመጠች። ከተማውን በቀጠና እንደሚከፋፍሉት፣ በየቀጠናው መግቢያ ቆጣሪ እንደሚያስሩ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ከሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ከወትሮው በላይ ከፈሰሰ የሚያፈስ ቧንቧ አለ ብለው እንደሚነሱ አስረዳች። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «እኛ ዘንድ ውሃው በፈረቃ ነው። የሚመጣው ሌሊት ነው። በዘጠኝ ሰዓት ሰው ሁሉ ነቅቶ በርሜልና ጀሪካን ይሞላል፤ ሮቶ ያለውም ሮቶውን ይሞላል። ታዲያ መፍሰሱን በምን ትለዪዋለሽ?» አሉ።

ወዲያው መልስ አልነበራትም። «ጋሼ፣ ይሄ እዚያ አልተጠየቀም» አለች፤ ወረቀትም ፈለገች። ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው ስለ ሰፈሩ መስመር፣ የትኛው ቫልቭ መቼ እንደሚከፈት ሲነጋገሩ ሌላው ሰው ወደ ራሱ ወሬ ተመለሰ። እኔ ግን የሁለት ዓመቱ ስኮላርሺፕ ሥራውን ሲጀምር ያየሁት በዚያች ደቂቃ ነው። ዴልፍት ዘዴውን ሰጥቷታል፤ ዘዴው የት ላይ እንደሚያቅተው የነገሯት ግን ከሰፈራቸው ወጥተው የማያውቁት ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ የእሷ እውቀት የሆላንድ ወሬ፣ የእሳቸው እውቀት የጡረተኛ ብሶት ሆኖ ይቀር ነበር።

አሁን ፒያሳ ራሱ ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያ የተባለው ሰፈርና የአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፣ ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በዛ። ከውጭ የመጣ ሰው ስለ ሰፊ መንገድና ስለ ረጅም ሕንፃ ቢያወራ የሚደነቅለት አያገኝም፤ ፓሪስንም ሕፃኑ ሁሉ በቲክቶክ አይቶታል። የወሬው ገበያ ስለቀዘቀዘ የቀረው ከባዱ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ለተማሪው ከባድ የሆነውን ያህል ለእኛም ከባድ ነው። ሽማግሌው እንደዚያ መጠየቅ የቻሉት ሙያቸውን ስለሚያውቁና ለሰፈራቸው ውሃ ስለሚጨነቁ ነው። የሚጠይቀውን ነገር የማያውቅ ጎረቤት ስለ ብርዱ ይጠይቃል፤ የማያውቅ ቢሮም ዲግሪውን ኮፒ አድርጎ ፋይል ውስጥ ያስገባል።

ስለዚህ ስኮላርሺፕ ሲነገር የሄደውን ልጅ ጉብዝና ብቻ ማየት ግማሹን መተው ነው። ጉብዝናውን ዩኒቨርሲቲው መዝኖ ተቀብሎታል። እኛ የምንመዘነው በመቀበያው ላይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ባልደረባው ሲሄድ «ስትመለስ ይህን ችግር ይዘን እንጠብቅሃለን» ብሎ ቢያሰናብተው፣ ሲመለስም በመጀመሪያው ሳምንት ችግሩን ካወቁት ነባር ሠራተኞች ጋር ቢያስቀምጠው፣ ለዚህ ልዩ በጀት አያስፈልግም። ቤተሰብም ቢሆን ልጁን ተቀብሎ ካበላና ካጠጣ በኋላ የሚጠይቀው አንድ የሥራ ጥያቄ ቢያዘጋጅለት ክብር ነው፤ ተማሪው ያን ጊዜ እንግዳነቱ ያበቃል። ጥያቄውን ሳያዘጋጁ ተማሪ መላክ ግን ለአውሮፓ ተማሪ ማበደር ነው።